የአዲስ አበባ ጭስ ከአዊ ይነሳል

ስለ ከተሞች የካርቦን ልቀት ሲወራ ዓይናችን ቶሎ የሚያርፈው መኪና ላይ ነው። መንግሥትም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ይሁን፣ ደግ ነው። ግን እስኪ ልጠይቅ፤ የማድ ቤቱን ጭስስ ማን ቆጠረው?

የአውሮፓ ቤት ብዙውን ካርቦን የሚለቀው ለማሞቂያ ነው። የእኛ ቤት ግን ለወጥ፣ ለቡናና ለእንጀራ ነው። ከተሜው ከሰሉን ሲያቀጣጥል ጭሱ እዚያው የጀመረ ይመስለዋል። ዋናው ጭስ ግን ከብዙ ቀናት በፊት እዚህ አዊ ውስጥ ወጥቶ አልቋል።

ከእንጅባራ ተነስታችሁ በአዲስ ቅዳም በኩል ወደ ዳንግላ ስትሄዱ ግራና ቀኝ የምታዩት ዛፍ ዲከረንስ ነው። የፋግታ ለኮማ ገበሬ ዲከረንስ የተከለው ሞኝ ሆኖ አይደለም። መሬቱ አሲዳማ ሆኖ እህል አልሰጥ ሲለው ነው። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን ከጤፍ ጋር አብሮ ያሳድጋል፣ ቀጥሎ በሥሩ የበቀለውን ሣር ለከብት ያጭዳል፣ በአራት በአምስት ዓመቱ ዛፉን ቆርጦ ከሰል ያከስላል። ልጅ የሚማረው፣ ቆርቆሮ ቤት የሚሠራው በዚህ ገንዘብ ነው። ከሰሉም በጆንያ ታስሮ ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ ይጫናል።

«ዛፉ መልሶ ይተከል የለም እንዴ? ታዲያ ምን ካርቦን አለው?» የሚሉ አሉ። ግማሽ እውነት ነው። አዲሱ ዛፍ የተቃጠለውን ካርቦን መልሶ ይወስዳል። ነገር ግን እንጨቱ በአፈር ተሸፍኖ ሲከስል ሚቴን የሚባል ጋዝም ይወጣል፤ ይህንን ዛፉ አይመልሰውም። በዚህ በአፈር ክምር ዘዴ ከ100 ኪሎ ደረቅ እንጨት 20 ኪሎ ከሰል ከተገኘ ትልቅ ነገር ነው። በዚያ ላይ ከተማ የሚገባው ከሰል ሁሉ ከተተከለ ዛፍ የተገኘ አይደለም።

የሚያሳዝነው መብራታችን ከሞላ ጎደል ከውኃ የሚመነጭ መሆኑ ነው። ጣና በለስ በ2002 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ታላቁ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ንጹሕ ኃይል አለን፣ የምናበስለው ግን በከሰል ነው። ለምን ቢባል ምክንያቱ ቤቱ ውስጥ ነው። ተከራይ «ምጣድ መሰካት ክልክል ነው» ይባላል። አራት አምስት አባወራ በአንድ ቆጣሪ ይጠቀማል። ምጣዱ እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል፣ መስመሩ አይችለውም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ መጠባበቂያው ያው ከሰል ነው። ከመስከረም 2017 ወዲህ ታሪፉም ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው። ሕንፃ ስንሠራ ስለ መስታወቱ እንጨነቃለን፤ ስለ ምጣዱ መስመር ግን ማንም አይጠይቅም።

ታዲያ ከሰል ይታገድ? በፍጹም። ቻይና በ2017 እ.ኤ.አ. በሰሜን ከተሞቿ ዙሪያ የድንጋይ ከሰል ምድጃ ስትከለክል ጋዙና መብራቱ ያልደረሳቸው መንደሮች በክረምት በብርድ ተቀጡ፤ ባለሥልጣናቱም ክልከላውን ለማላላት ተገደዱ። እገዳ ከአቅርቦት ሲቀድም እንዲህ ነው። እኛም ዘንድ ኬላ ላይ ጆንያ መውረስ የሚጎዳው ገበሬውንና ድሀዋን ባለ ቡና ነው።

እኔ የምለው ሥራው ከከተማው ይጀምር ነው። የግንባታ ፈቃድ ሲሰጥ ለእያንዳንዱ ቤት የራሱ ቆጣሪና ምጣድ የሚችል መስመር ይጠየቅ። ለድሀ ቤተሰብ የማብሰያ መብራት በቅናሽ ይቅረብ። ይህ እስኪሆን ላቀች ምድጃ ይስፋፋ፤ እዚህም ጭስ ማውጫ ያለው የተሻለ ማክሰያ ለማኅበራት ይድረስ።

ገበሬውንም አንርሳ። በቅርብ ዓመታት የዝገት በሽታ ዲከረንሱን መትቶታል፤ በአንድ ዛፍና በአንድ ገበያ ላይ መንጠልጠል ምን እንደሚያመጣ አይቶታል። ለአሲዳማው መሬት ኖራ በወቅቱ ይቅረብለት። ለድንቹና ለወተቱ ገበያ ይፈለግለት። የባንጃ ቀርከሃም ከአጥርና ከቅርጫት አልፎ ለከተማ ቤት ግንባታ ይዋል። አዲስ አበባ ከሰል መግዛት ያቆመች ቀን የአዊ ገበሬ የሚሸጠው ሌላ ነገር ሊኖረው ይገባል። ያን ቀን ማዘጋጀት ያለብን ደግሞ ዛሬ ነው።