መብራቱስ ያምራል፤ ቧንቧውስ?

እህቶቼ፣ በ2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ክልል ከተሞችም ደርሷል። የእኛም ከተማ የእግረኛ መንገድና የመንገድ መብራት እየተሠራላት ነው፤ በስደት ያለነውም መዋጮ ተጠይቀናል። «ከተማው ቢያምር ምን ይጎዳሻል?» ይሉኛል። አይጎዳኝም። የሚጎዳኝ እናቴ ውሃ በጀሪካን መግዛቷ ነው። የሰፈራችን ቧንቧ ከፈነዳ ቆይቷል፤ የሚጠግነው የለም። ውሃው የሚገዛው ደግሞ እኔ የሰው ቤት ወለል ወልውዬ በምልከው ብር ነው። ታዲያ አንዴ ለጀሪካኑ፣ አንዴ ለመብራቱ ልክፈል?

ለአዲስ ሥራ ሪባን ይቆረጥለታል፤ ጥገና ግን ማን ያየዋል? የሚረሳውም ለዚህ ነው። ያልተጠረገ ዲች ክረምት ሲገባ ጎርፉን መንገድ ላይ ይለቀዋል፤ አስፋልቱ ይቦረቦራል፤ ያማረው ሁሉ ተመልሶ ይፈርሳል። በ1989 ዓ.ም. ከነዳጅ ላይ ለመንገድ ጥገና የሚሰበስብ ፈንድ የተቋቋመውም ያለ ጥገና መንገድ ስለማይኖር ነው። ቧንቧስ ያለ ጥገና ይኖራል?

አንስጥ አላልኩም። ስንጠየቅ ግን እኛም እንጠይቅ፦ ለጥገና የተመደበው ስንት ነው? የእኛስ ብር ምን ላይ ዋለ? መልሱ በጽሑፍ ይለጠፍ፤ ቤተሰቦቻችን ያንብቡት። ያኔ ከማንም ቀድሜ የማዋጣው እኔ ነኝ።