የንባብ ጥበብና የመምህር መሣሪያ

በካሊፎርኒያ ከኦክላንድ ወደ ምሥራቅ ኮረብታዎቹን ተሻግሮ የሚገኘው የዳብሊን ከተማ በ1982 ዓ.ም. (በዚህ መጣጥፍ የሚነሣው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) የከተማነት ማዕርግ ያገኘ፥ በ1997 ባርት የተባለው የአካባቢው ባቡር የደረሰለት፥ በ2010 ከ46 ሺሕ ጥቂት ከፍ ያለ የነበረው ሕዝቡም በ2020 ቈጠራ ከ72 ሺሕ በላይ ሆኖ የተገኘ፥ ፈጥኖ ያደገ ከተማ ነው። እንዲህ ባለው ከተማ መምህር ሆኖ መኖር በየዓመቱ ከልዩ ልዩ አህጉር የመጡ ሰዎችን ልጆች መቀበልና አፋቸውን በብዙ ቋንቋ የፈቱትን ሕፃናት በአንድ ቋንቋ ማንበብ ማስተማር ነው። ስለዚህ ጥቂት ዓመታት ያስተማረች መምህርት በሔይዋርድ ኮረብታ ላይ ወደሚገኘው የምሥራቅ ቤይ የካሊፎርኒያ ግዛት ዩኒቨርሲቲ ወይም ወደ ሌላ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ተመልሳ ስለ ንባብ ትምህርትና በክፍል ውስጥ ስለሚሠራበት ቴክኖሎጂ ለሁለተኛ ዲግሪ ብታጠና የሚያስደንቅ አይደለም። እኔ ልከራከርበት የተነሣሁት ነገር ግን ይህ ነው፤ ሁለቱ ትምህርቶች በአንድ ማዕርግ ስም ተጣምረው ቢሰጡም በሥልጣን እኩል አይደሉም። የንባብ ዕውቀት ገዥ፥ መሣሪያው ታዛዥ ነው። የጥናቱም እውነተኛ ፍሬ መምህርቱ በፊቷ የተቀመጠው ሕፃን የጐደለው የትኛው የንባብ ክፍል እንደ ሆነ ለይታ ለማወቅ መቻሏ ነው፤ ይህን ሳትለይ የምታነሣው መሣሪያ፥ ዋጋው የቱን ያህል ቢከብር፥ የሚሠራው በዕድል ነው።

ማንበብ ምን እንደ ሆነና እንዴት ማስተማር እንደሚገባ ሊቃውንት ብዙ ዘመን ተከራክረዋል፤ የሃርቫርዷ ምሁር ጂን ቾል ስለዚሁ ክርክር የጻፉት ዝነኛ መጽሐፍ የታተመው በ1967 ነው። ከዚያ ወዲህ ከተነገሩት ሐሳቦች ሁሉ ለመምህር የሚጠቅመው ፊሊፕ ጎፍና ዊልያም ተንመር በ1986 ያቀረቡት ይመስለኛል። እነዚህ ሁለት ሰዎች እንደሚሉት፥ አንብቦ ማስተዋል ማለት የተጻፈውን ወደ ድምፅ የመመለስ ችሎታ ቋንቋውን ሰምቶ በማስተዋል ችሎታ ሲባዛ የሚገኘው ውጤት ነው። ምሥጢሩ መደመር ሳይሆን ማባዛት መሆኑ ላይ ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ባዶ ከሆነ ሌላው የቱን ያህል ቢበዛ ውጤቱ ባዶ ይሆናልና። ፊደሉን የማያውቅ ልጅ ቋንቋውን እንደ ወንዝ ቢያፈስሰውም አያነብብም፤ ፊደሉን አንበልብሎ የሚያወርድ ልጅም ቋንቋውን ካልሰማ አነበበ አይባልም።

ይህ ሐሳብ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ሊሆን አይገባም ነበር። በቤተ ክርስቲያናችን የንባብ ቤት ሕፃኑ ሀሁ ብሎ ፊደሉን ይቈጥራል፤ አቡጊዳውን ይለያል፤ ከዚያም ፊደለ ሐዋርያ ወደሚባለው ወደ ዮሐንስ መልእክት ተሸጋግሮ መጀመሪያ እያንዳንዱን ፊደል እየጠቈመ በቁጥር፥ ቀጥሎም በግዕዝ ንባብ፥ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ እየተመላለሰ ያነብባል፤ ዳዊትንም ሲፈጽም የንባብ ትምህርቱን ጨረሰ ይባላል። መሪጌታው ወይም የኔታ ጉባኤውን በጅምላ አያስተምሩም፤ እያንዳንዱን ልጅ አጠገባቸው አስቀምጠው የራሱን ቀለም ይሰሙታል፥ ያረሙታል፥ ሳያውቀውም ወደሚቀጥለው አያሳልፉትም፤ የበረታው ደቀ መዝሙር ደግሞ ታናሹን ያስቀጽላል። ዛሬ በአሜሪካ ምሁራን ዘንድ «በሥርዓትና በቅደም ተከተል የሚሰጥ የፊደልና የድምፅ ትምህርት» ተብሎ የሚመሰገነው በመሠረቱ ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ነገር ግን ልጁ የሚያነብበው ግዕዝ ነበር፤ ግዕዙን ደግሞ አይሰማውም። ሊቃውንቶቻችን ይህን ሳያውቁት ቀርተው አይደለም፤ ለቋንቋው ምሥጢር ሰዋስው የሚማርበትን ቅኔ ቤት፥ ለመጻሕፍቱም ሐተታ ትርጓሜ ቤትን ለይተው አቁመዋል። ጎፍና ተንመር በቀመር የጻፉትን እነርሱ በጉባኤ ቤት አከፋፈል ሠርተውት ነበር ማለት ነው። በእኔ አስተያየት ጕድለቱ በሥርዓቱ ጥበብ ሳይሆን በሕዝቡ ዕድል ላይ የነበረ ነው፤ ዳዊት ከደገሙት ልጆች የሚበዙት ወደ እርሻቸውና ወደ ሌላ ሥራቸው ስለሚመለሱ ድምፁን ይዘው ትርጕሙን ሳያገኙ ቀርተዋል። የዚህ ዓይነቱ አንባቢ፥ ማለት ድምፅ ያለው ትርጕም የሌለው፥ ዛሬ በሌላ አገር፥ በሌላ ምክንያት ተመልሶ መጥቷል።

ማንነቱን ለማየት ከተቃራኒው እንጀምር። በ2010 በኢትዮጵያ በልዩ ልዩ ክልሎችና ቋንቋዎች በተደረገው የመጀመሪያ ደረጃ የንባብ ምዘና፥ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሦ ያህሉ ከቀረበላቸው ጽሑፍ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። እነዚህ ልጆች ቋንቋውን ከእናታቸው ጡት ጋር የጠጡ ናቸው፤ የጐደላቸው ፊደሉ ነው። በኦክላንድና በሳን ሆዜ ባሉት አብያተ ክርስቲያኖቻችን ዙሪያ በየሰንበቱ ፊደል የሚቈጥሩት፥ ከዳብሊንም በወላጆቻቸው መኪና የሚመጡት ልጆች ግን ተቃራኒው ናቸው። በሳምንቱ ቀናት እንግሊዝኛ ማንበብ ስለ ተማሩ፥ ምልክት ድምፅን እንደሚወክል አስቀድመው ገብቷቸዋል፤ ስለዚህ 33ቱ ፊደላት በሰባት ሰባት ቤት ተመድበው የሚሆኑት 231 ምልክቶች፥ በርትቶ የሚያስቀጽላቸው ካገኙ፥ ብዙ አያስቸግሯቸውም። የሚያቅታቸው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ጽሕፈታችን የሚጠብቀውን ከሚላላው ስለማይለይ፥ «ገና» የሚለውን ቃል ልደት ነው ወይስ ጊዜ አለመድረሱ ብሎ የሚለየው አንባቢው ራሱ ነው፤ የሚለየውም ቋንቋውን ስለሚያውቅ ብቻ ነው። ቋንቋውን በቤቱ ያልጠገበ ልጅ ፊደሉን ሁሉ በትክክል ጠርቶ ቃሉን ሊስት ይችላል።

እንግዲህ ለሁለቱ ልጆች አንድ ዓይነት የፊደል ጨዋታ ያለበት ታብሌት ቢሰጣቸው፥ ለመጀመሪያው እጅግ ይጠቅመው ይሆናል፤ ሁለተኛውን ግን የሚያውቀውን እያስደገመ ደስ ያሰኘዋል እንጂ ከጕድለቱ አያወጣውም። ሕመሙን ሳይለይ ለሁሉ አንድ መድኃኒት የሚያዝዝ ሐኪም እንደማይመሰገን ሁሉ፥ ይህን ሳትለይ መሣሪያ የምታድል መምህርትም የተማረችው ዲግሪ አልጠቀማትም።

መሣሪያው ቀድሞ መምህሩ የተከተለበትን ጊዜ ታሪክ ያሳየናል፤ አብዛኛውም እዚሁ በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ አካባቢ የተፈጸመ ነው። በ1966 በምሥራቅ ፓሎ አልቶ በብሬንትዉድ ትምህርት ቤት የስታንፎርድ ምሁራን፥ ፓትሪክ ሰፕስ ሒሳብን፥ ሪቻርድ አትኪንሰን ደግሞ ንባብን ለአንደኛ ክፍል ሕፃናት በኮምፒዩተር ለማስተማር ጀመሩ። ከ35 ዓመት በኋላ፥ በ2001፥ ሌላው የስታንፎርድ ሊቅ ላሪ ኩባን የኮምፒዩተር እናት በሆነው በሲሊከን ቫሊ ያሉትን ትምህርት ቤቶች መርምረው ባሳተሙት መጽሐፍ፥ መሣሪያው በክፍሎቹ ውስጥ ተትረፍርፎ ሳለ አብዛኞቹ መምህራን እምብዛም እንደማይሠሩበት፥ የሚሠሩበትም የቀድሞ ልማዳቸውን ለማጽናት እንደ ሆነ ገለጹ። ኩባን መምህራንን በስንፍና አልከሰሱም፤ ውሳኔው ከመምህሩ ጋር ሳይመከርበት ከላይ መምጣቱን ነው የነቀፉት፤ በዚህም እውነት የያዙ ይመስለኛል።

በአገራችንም ከ2004 ወዲህ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የፕላዝማ ቴሌቪዥን ተተክሎ፥ በደቡብ አፍሪካ የተሰናዳው ትምህርት በእንግሊዝኛ በሳተላይት ይተላለፍ ጀመር። በክፍል ውስጥ የቆመው መምህር ከክፍለ ጊዜው የሚደርሰው ጥቂት ደቂቃ መግቢያና ጥቂት ደቂቃ መደምደሚያ ብቻ ሆነ፤ ተማሪው ባይገባውም በመስተዋቱ ላይ ያለው መምህር አይቆምለትም፥ ጥያቄውንም አይሰማም። ከንባብ ቤት የኔታ ጋር ስናነጻጽረው ነገሩ እጅግ ያሳዝናል፤ ለሺሕ ተማሪ በአንድ ጊዜ ለማሰማት ሲባል አንዱን ተማሪ መስማት ተትቷልና። በ2012 ደግሞ «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» የተባለው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ መንደሮች፥ ትምህርት ቤት ላልነበራቸው ሕፃናት፥ የታሸጉ ታብሌቶችን ያለ መምህር አስቀምጦ ሄደ። ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደ ተናገሩት፥ አንድ ልጅ በአራት ደቂቃ ማብሪያውን አገኘ፤ በሁለት ሳምንት ልጆቹ የእንግሊዝኛውን ፊደል ይዘምሩ ጀመር፤ በአምስት ወርም የተዘጋውን የመሣሪያውን ካሜራ ከፈቱት። የእነዚህ ሕፃናት የአእምሮ ብርታት ያኰራኛል። ነገር ግን የዘመሩት ፊደል የማይናገሩት ቋንቋ ፊደል ነበር፤ ስለዚህ በማባዛቱ ሕግ ብንለካው፥ ከሁለቱ ቁጥሮች አንዱ ለባዶ የቀረበ ነበር። ቀመሩን የሚያውቅ አንድ መምህር ከመጀመሪያው ቢጠየቅ ኖሮ፥ ምናልባት በአፋቸው መፍቻ ቋንቋ ጀምሩ ይል ነበር።

ከሁለቱ አንዱ ብቻውን እንደማይበቃ የካሊፎርኒያም መንግሥት ዋጋ ከፍሎ ተምሯል። በ1987 ያወጣው መመሪያ ልጆች ንባብን በመልካም መጻሕፍት ውስጥ በመጥለቅ ብቻ እንዲማሩ ወደ ማድረግ የሚያዘነብል ነበር፤ በ1994 ብሔራዊ ፈተና ግዛቱ ከመጨረሻዎቹ ተርታ ሲገኝ ወደ ፊደልና ድምፅ ትምህርት መመለስ ግድ ሆነ። ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም፤ በ2021 በኦክላንድ የጥቁሮች መብት ተከራካሪ ማኅበር (NAACP) ቅርንጫፍ ሕፃናት በምርምር በተመሠከረለት መንገድ ማንበብ እንዲማሩ አቤት አለ፤ በዚያው ዓመት የወጣው ሕግም የመምህራን ንባብ የማስተማር ብቃት ምዘና እንዲለወጥ አዘዘ። ከ2025 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ደግሞ ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ ሁለተኛ ክፍል ያሉ ልጆች የንባብ ችግር ሥጋት እንዳለባቸው በየዓመቱ ይመረመራሉ። ለዚሁ በሳን ፍራንሲስኮ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የተሰናዳው «መልቲቲዩድስ» የተባለው የኮምፒዩተር መመርመሪያ የተዘጋጀው በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ነው። ከአዲስ አበባ በቅርብ የመጣ ሕፃን በእንግሊዝኛ ተመርምሮ ውጤቱ ዝቅ ቢል፥ የጐደለው የንባብ ችሎታ ይሁን የእንግሊዝኛ ቋንቋ ማን ይነግረናል? መሣሪያው ውጤት ይጽፋል፤ ልዩነቱን የምታነብብ ግን መምህርቱ ናት።

ከዚህ የተነሣ መሣሪያን የምንቅ አድርጎ የሚያስበኝ ቢኖር ተሳስቷል። ፊደላችን ራሱ በኮምፒዩተር ላይ የተቀመጠው በብዙ ሰዎች ድካም ነው፤ ከእነርሱም አንዱ በዚሁ አካባቢ በሂውሌት ፓካርድ ይሠሩ የነበሩት አቶ ፍሥሐ አጥላው ናቸው። የግዕዝ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ባይገባ ኖሮ፥ ዛሬ በዳብሊን ያለ ልጅ ለአያቱ በአማርኛ መልእክት መጻፍ ባልቻለ ነበር። የልጅን ንባብ ቀድቶ ለነገ ማስቀመጥ፥ በየወሩ ማነጻጸር፥ ያልታወቀውን ቃል በጥሩ አንባቢ ድምፅ ደጋግሞ ማሰማት፥ እነዚህን የኔታ ሊያደርጓቸው የማይችሉትን መሣሪያው ያደርጋል። የሚያደርገው ግን ምን እንደሚቀዳና ምን እንደሚነጻጸር የሚያውቅ ሲያዝዘው ነው።

ስለዚህ በዚህ አካባቢ ለሁለተኛ ዲግሪ የሚያጠኑ ኢትዮጵያውያን መምህራን የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ርእስ ሲመርጡ፥ በመቶ የሚቈጠሩ ሰዎች ከጻፉበት ከእንግሊዝኛው ክፍል ፈቀቅ ብለው ወደ ሰንበቱ የፊደል ክፍል እንዲመለከቱ እለምናቸዋለሁ። ሥራው ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። የአንድን ልጅ ፊደል የመጥራት ችሎታ ለብቻው፥ ታሪክ ሲነበብለት ሰምቶ የማስተዋል ችሎታውንም ለብቻው መመዘን፤ ሁለቱን ጐን ለጐን አስቀምጦ የትኛው እንደ ደከመ ማየት፤ ፊደሉ ለደከመበት የቁጥርና የውርድ ንባብ ልምምድ፥ ቋንቋው ለደከመበት ተረትና ጭውውት፥ ይልቁንም ከአያቶች ጋር በስልክ የሚደረግ ወግ እንዲበዛለት ማድረግ፤ ከጥቂት ወራት በኋላም መልሶ መመዘን ነው። የምዘናው ቅጽ በአማርኛ ተዘጋጅቶ በየደብሩ ቢሰጥ፥ ወላጆች ልጃቸው «ያነብባል» ወይም «አያነብብም» ከሚለው ፍርድ ይልቅ ምን እንደሚረዱት ያውቃሉ። ካሊፎርኒያ ከ2012 ጀምሮ ሁለት ቋንቋ አጣርቶ ለሚያውቅ የሁለተኛ ደረጃ ምሩቅ በዲፕሎማው ላይ የሚታተም ማኅተም ትሰጣለች፤ ማኅተሙም የሚጠይቀው መናገርን ብቻ ሳይሆን ማንበብንና መጻፍን ጭምር ነው። የዛሬው የዳብሊን የሁለተኛ ክፍል ልጅ ያን ማኅተም በአማርኛ ለመቀበል አሥር ዓመት ገደማ አለው፤ የመጀመሪያውን ምዘና የምታዘጋጅለት መምህርት አሁን በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ርእስ በመፈለግ ላይ ትሆናለች።