ሀይድ ስድስት ቀን፣ ጄል ሦስት ሳምንት

ወንድሞች፣ ርዕሱን አይታችሁ ገጹን ለመግለጥ ከቸኮላችሁ አልቀየምም፤ ነገ የሚስት ወይም የእህት ጉዳይ ሆኖ ሲመጣባችሁ ትመለሱበታላችሁ።

ባለፈው ሴሚስተር አንድ ቀን ወደ ዶርም ስገባ ጓደኛዬ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ በተማሪ መታወቂያዋ ጠርዝ የጥፍሯን ጄል ትልጣለች። ለዘመዷ ኒካህ ከአምስት ቀን በፊት ያስቀባችው ነው። ሀይዷ መቆሙን ያወቀችው ዐስር ከገባ በኋላ ስለነበር መግሪብ ሳይደርስ ታጥባ መስገድ አለባት። በመታወቂያው አልነሳ ያላትን በጥርሷ ነቀለችው። ለሶላቷ ደረሰች፣ አልሐምዱሊላህ። በማግስቱ ግን ጥፍሮቿ ነጫጭ ጠባሳ አወጡ፤ ጫፋቸው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይሰነጠቅ፣ ሎሚ ሲነካቸው ያቃጥላት ጀመር። እስከ ፈተና ድረስ እንደዚያው ነበሩ።

ፋርማሲ ስለምማር ይመስለኛል፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። «ጄል ጥፍር ይበላል አይደል?» ይሉኛል። ከጄሉ ይልቅ ጥፍር የሚበላው አወላለቁ ነው። ኩቴክስ የሚደርቀው ውስጡ ያለው ፈሳሽ ሲተን ነው። ጄል ግን በመብራቱ ጨረር ውስጡ ያሉት ነገሮች እርስ በርስ ተያይዘው ወደ ፕላስቲክነት ይለወጣሉ፤ ሁለትና ሦስት ሳምንት የሚቆየውም ለዚህ ነው። ጥፍር ደግሞ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደራረበ ኬራቲን ነው። ጄሉን በግድ ስትልጪው ከላይኞቹ ገጾች የተወሰነውን ይዞ ይነሳል፤ ነጩ ጠባሳ እሱ ነው። የእጅ ጥፍር በወር የሚያድገው 3 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን ሙሉ በሙሉ ለመተካት 6 ወር አካባቢ ይፈጅበታል። ለሃያ ደቂቃ ጥድፊያ አንድ ሴሚስተር መክፈል ማለት ነው። (በነገራችን ላይ «ጥፍሬን ትንሽ ላስተንፍሰው» የሚባለው ትክክል አይደለም። ጥፍር አይተነፍስም፤ ምግቡን የሚያገኘው ከሥሩ ካለው ደም ነው። እረፍት የሚጠቅመው የተጎዳው ክፍል አድጎ እስኪቆረጥ ነው።)

የሶላቱን ጉዳይ ሁላችንም እናውቀዋለን። አንድ ሰው ውዱእ አድርጎ እግሩ ላይ የጥፍር ያህል ቦታ ውሃ ሳይነካው ቢቀር ነቢዩ ﷺ ተመልሶ ውዱኡን እንዲያሳምር እንዳዘዙት በሙስሊም ሐዲስ ተዘግቧል። የጥፍር ያህል! አስር ጥፍር በፕላስቲክ ተሸፍኖ ውዱእም ሆነ ጉስል እንዴት ይሟላል? ሀይድ ላይ እያለን መቀባቱ ችግር የለውም፤ ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስድስትና ሰባት ቀን ለሚቆይ ነገር ሦስት ሳምንት የሚቆይ ቀለም እንቀባለን። ሲቆም ደግሞ ሁለት መንገድ ብቻ ይቀራል። አንዱ ጓደኛዬ ያደረገችው ነው። ሁለተኛውን ለመናገር እንኳ ይከብዳል፤ «ቅዳሜ ሳሎን ሄጄ አስለቅቃለሁ» እያሉ ማቆየት። ረቡዕ ዙህር ላይ የጠራች እህት እስከ ቅዳሜ ሱብሒ 15 ሶላት አሳለፈች ማለት ነው።

ስለዚህ ዶርም ውስጥ ለምትኖር ሰጋጅ ተማሪ ጄል አይመችም ባይ ነኝ። ሐራም ነው እያልኩ አይደለም፤ ፈትዋ መስጠት የእኔ ቦታ አይደለም። የቀኑ ሂሳብ አልገጥም ስላለኝ ነው። ለኒካህና ለዒድ ማማር የፈለገች ተራ ኩቴክስ ትቀባ፤ በአሴቶን ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። «ውሃ ያሳልፋል» ተብሎ የሚሸጠውስ? ወረቀት ላይ ውሃ ጠብ አድርጎ ማሳየት፣ ጥፍር ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ተደራርቦ ሲቀባ ምን እንደሚሆን አያሳይም። የምታምኚውን ዑስታዝ ጠይቂ፤ የሻጩን ካርቶን አትጠይቂ።

ሂና አለን፣ እንሶስላ አለን። ሁለቱም ቀለም ሰጥተው ይሄዳሉ እንጂ ሽፋን አይተዉም። እናቶቻችን ውዱእ እያደረጉ ነው ያጌጡበት። ጥቁር ሂና የሚባለውን ግን ተጠንቀቁ፤ ንጹህ ሂና ወደ ቀይ ቡናማ ነው የሚያቀላው፣ ድቅድቅ ጥቁሩ ብዙ ጊዜ የጸጉር ቀለም ኬሚካል ገብቶበታል፤ ቆዳ ሊያቆስል ይችላል።

ቀድሞውኑ ጄል ላይ ያለሽ እህቴ፣ አትላጪው። ላይ ላዩን የሚያብለጨልጨውን በሞረድ ቀስ አድርገሽ አደብዝዢ፣ በጥፍሩ ዙሪያ ያለውን ቆዳ ቫዝሊን ቀቢ፣ አሴቶን የነካ ጥጥ ጥፍሩ ላይ አድርገሽ በአሉሚኒየም ፎይል ጠቅልዪው። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጠብቂ። ከዚያ በለስላሳ እንጨት ሲገፉት ይነሳል፤ ካልተነሳ ግን እንደገና ጠቅልዪው እንጂ አትፋቂው። በአሴቶን የማይለቅ፣ በሞረድ ብቻ የሚወርድ ዓይነት ጄልም ስላለ ሳታስቀቢ በፊት «በአሴቶን ይለቃል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። ከኢሻ በኋላ ጥፍርሽንና ዙሪያውን ዘይት ቀቢ፤ የወይራም ሆነ የሰሊጥ ይሆናል። በቀን አምስት ጊዜ የሚርስና የሚደርቅ ጥፍር፣ ጄል ባይነካውም ዘይት ይፈልጋል።

በርካሽ መብራት ራሳችሁ ዶርም ውስጥ የምትቀቡትን በተለይ እለምናችኋለሁ። በደንብ ሳይደርቅ ቆዳ የነካ ጄል አለርጂ ሊያመጣ ይችላል። የጥፍሩ ዙሪያ ይቀላል፣ ያሳክካል፤ አንዳንዴ የዓይን ቆብ ድረስ ይሄዳል። አንዴ ከያዘ ደግሞ በአብዛኛው ዕድሜ ልክ ነው። የጥርስ ሐኪም ለሙሌት የሚጠቀምባቸው አንዳንድ ነገሮች ከዚሁ ቤተሰብ ስለሆኑ መዘዙ ከጥፍር ያልፋል። አለርጂውን በማምጣት የሚታወቀውን ሄማ የተባለ ንጥረ ነገር የያዘ የጥፍር ምርት የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ለባለሙያ ብቻ ብሎ ገድቦታል። እኛ ጋ ግን ማንም ገዝቶ ይቀባዋል።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ፤ ይህን እንድጽፍ ያደረገኝም እሱ ነው። ጓደኛዬ ጄሉን በጥርሷ እስክትነቅል ያጣደፋት የሶላቱ ወቅት ብቻ አልነበረም። ከዚያ በፊት አንድ ቀን ሀይድ ላይ ሆና ሴቶች ውዱእ የሚያደርጉበት በር ላይ እኔን ስትጠብቅ፣ አንዲት ታላቃችን ጣቶቿን አይታ በሰው ፊት «ይሄን ይዘሽ ነው የምትሰግጂው?» አለቻት። ምን ብላ ትመልስ? ሀይድ ላይ ነኝ ብላ ለመንገደኛው ሁሉ ታውጅ? ዝም አለች። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ከሐለቃ ቀረች፤ ስትመጣም እጇን በጂልባቧ ውስጥ ደብቃ ነው። ነሲሓ በሰው ፊት ሲሆን ማዋረድ እንደሆነ በየሐለቃው እንማራለን፤ ውዱእ ቦታ ስንደርስ ለምን እንደምንረሳው አላውቅም።

ከመገላመጥ አሴቶን ማቅረብ ይሻላል። ሴቶች ውዱእ ከሚያደርጉበት ክፍል ውጭ፣ ጫማ መደርደሪያው ላይ፣ ከላይኛው እርከን በስተግራ አንድ ካርቶን አስቀምጫለሁ። አሴቶን፣ ጥጥ፣ ፎይልና ሞረድ አለበት። ስም አይመዘገብም፣ ማንም አይጠይቅም። አሴቶን በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ዶርም ወስዳችሁ ከምድጃ አጠገብ እንዳታኖሩት፤ ጠርሙሱን በደንብ ክደኑት። ሲያልቅ የቻለች ትሙላው፣ ያልቻለች ለእኔ ትንገረኝ።