ባቡሩ የት ይቆማል?

ባለፈው የማስተማር ልምምድ ወቅት ከመካከላችን አንዱ ወደ ቡሬ ገጠር ወርዶ ሳለ የገጠመውን ሲያወራን በሳቅ ፈርሰን ነበር። የአራተኛ ክፍል ልጆችን «እስቲ ባቡር ሣሉ» ይላቸዋል። ልጆቹም አንገታቸውን ደፍተው ይሥላሉ። ደብተር ሰብስቦ ቢያይ አብዛኞቹ የቆርቆሮ ቤት፣ ከጎኑ ጭስ የሚተፋ ቱቦ፣ በደጁ ላይ ጆንያ የተጫነ አህያ ሥለዋል። ወፍጮ ቤት ነው እንግዲህ! ባቡር ማለት ለእነሱ እናታቸው እህል የምታስፈጭበት ነው።

ሳቁ ካለፈ በኋላ ስናስበው ግን ልጆቹ አልተሳሳቱም። ቃሉ እንፋሎት ከሚለው የጣሊያንኛ ቃል የመጣ በመሆኑ፣ አባቶቻችን በሞተር ጉልበት የሚሠራውን ብዙውን ነገር ባቡር ብለውታል። ወፍጮው ባቡር ነው። በምኒልክ ዘመን ሰርኪስ የተባለው አርመናዊ ወደ አዲስ አበባ ያስመጣው የመንገድ መዳመጫም «የሰርኪስ ባቡር» ተብሏል። በሐዲድ ላይ የሚሄደውን ለመለየት ነው «ምድር ባቡር» የተባለው። ከእነዚህ ሁሉ ወደ ጎጃም ገጠር የደረሰው ወፍጮው ነውና ልጆቹ የደረሳቸውን ሣሉ።

ችግሩ የመጣው ኋላ ነው። ጓደኛችን ምድር ባቡርን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥሎ ካስረዳ በኋላ አንዲት ልጅ ብድግ ብላ፣ «ጋሼ፣ ይኸ ወደኛ መች ይመጣል?» ትለዋለች። እሱም ሳያስብ፣ «በቅርቡ ይመጣል፤ ፍኖተ ሰላም ላይ ጣቢያ ይሠራል» ብሎ አረፈው።

በዚች መልስ ምክንያት በመኝታ ክፍላችን ስንት ምሽት ተከራከርን መሰላችሁ! ገሚሱ «ምን አጠፋ? ልጅ በተስፋ ነው የሚያድግ» አለ። አንድ መምህራችንም በዚሁ ወገን ቆመው፣ ለገጠር ልጅ የሩቁን ማሳየት የመምህር ግዴታ ነው ሲሉ ሞግተውናል። አስተያየታቸውን እናከብራለን። በበኩላችን ግን ጓደኛችን ያጠፋ ይመስለናል፤ እሱ ራሱም አሁን ከእኛ ጋር ነው።

መልሱ ከባዶ ሜዳ የተነሣ አይደለም። ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም. በነበረው የዕድገትና የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ጊዜ በወጣው የሀገር አቀፍ የባቡር መረብ ካርታ ላይ ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ በባሕር ዳርና በወረታ ወደ ወልዲያ፣ ከዚያም በሠመራ በኩል ወደ ጅቡቲ ጠረፍ የሚወርድ መሥመር ተሥሎ ነበር። የከተማችን ስም በምድር ባቡር ካርታ ላይ ተጽፎ ስናይ ደስ ያላለን ማን ነው? ዳሩ ግን የዕቅዱ ዘመን አልፎ ሌላ ዕቅድ ተተካ፤ በፍኖተ ሰላም ምድር ላይ አንድም የሐዲድ ብረት አልተነጠፈም። ለልጅቷ መነገር የነበረበት ይኸ ነው። ደግሞም «ጣቢያ ይሠራል» የሚል ሰው ጣቢያ ምን እንደሆነ ማወቅ አለበት። እኛም ይህን ለማወቅ ስንል የአንዲት ትንሽ መንደር ጣቢያ ታሪክ ፈልገን አነበብን። እሷም አዋሽ ናት።

ምኒልክ ለስዊሱ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ከጅቡቲ ሥራው በ1890 ተጀምሮ ሐዲዱ በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ። እዚያም ኩባንያው ገንዘብ አልቆበት ሥራው ለዓመታት ቆመ። በ1900 ዓ.ም. አዲስ ስምምነት ተደርጎ፣ አዲስ ኩባንያ ተቋቁሞ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። 780 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሐያ ዓመት ፈጀ ማለት ነው። «በቅርቡ» የምትለዋ ቃል በባቡር ቋንቋ ምን ያህል እንደምትረዝም ከዚህ ይታያል።

በዚህ መሥመር ላይ አዋሽ የቆላ በረሓ ነበረች። ከተማ ያደረጋት የባቡሩ ማለፍ አይደለም፤ መቆሙ ነው። በመጀመሪያው ዘመን ባቡሩ ሌሊት አይሄድም ነበርና ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ይፈጃል። ተሳፋሪው አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሁለተኛውን አዋሽ ያድራል። ያደረ ሰው ደግሞ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይተኛል። ከዚህም የተነሣ ከጣቢያው አጠገብ የታወቀው ቡፌ ተከፈተ፤ መኝታውና ምግቡ ስሙን በየአገሩ አስጠራ። እንጀራ ሻጩ፣ ፍየል ነጂው፣ ሐዲድ ጠጋኙ፣ ተሸካሚው ሁሉ በባቡሩ ማደር ላይ ኑሮውን መሠረተ። ባቡሩ ፉጨት ብቻ ጥሎ የሚያልፋቸው መንደሮች ግን ምን አገኙ? አቧራና ጩኸት። ከብቶቻቸው በሐዲዱ ላይ የሞቱባቸውማ ለባቡሩ የተለየ ስም ሳይሰጡት አይቀሩም!

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ጠላት ወደ አዲስ አበባ ሲቃረብ ከአገር የወጡት በዚሁ ባቡር ነው። በ1933 ሲመለሱ ግን ከኦሜድላ ተነሥተው በበላያ፣ በቡሬ፣ በደብረ ማርቆስ አድርገው ነው አዲስ አበባ የገቡት፤ ማለት በእኛው መንገድ፣ ሐዲድ በሌለበት። ቡሬ ከጥንትም ወደ ዓባይ ማዶ የሚሻገረው የሲራራ ነጋዴ መገናኛ ነበረች። ስለሆነም «ባቡር ያልገባበት አገር የተረሳ አገር ነው» የሚለውን አነጋገር አንቀበልም። የሰውና የበቅሎ እግር የሠራው ታሪክም ታሪክ ነው፤ በየክፍላችን ስናስተምር እሱም ድርሻውን ያግኝ።

ወደ አዋሽ እንመለስ። የጣቢያዋ ታሪክ ጥቅም ብቻ አይደለም። በ1969 እና በ70 በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ድልድዮች ፈርሰው መሥመሩ ተቋረጠ። ጥር 5 ቀን 1977 ዓ.ም. ደግሞ ባቡሩ ከአዋሽ አጠገብ በኩርባ ድልድይ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ሲገባ ፉርጎዎቹ ወደ ገደል ወረዱ። ከ400 በላይ ሰው አለቀ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ እጅግ ከከፉት አንዱ ነው። ይኸን በየትኛው የክፍል ደብተር ነው ያነበብነው? የሐዲዱን ርዝመት በቃላችን እናውቃለን፤ የሞቱትን ግን አናውቅም።

ከዚያም ሌላ ሞት መጣ፤ የጣቢያዎቹ ሞት። የድሮው ሐዲድ እያረጀ ሄዶ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው ጉዞ ቆመ። በየጣቢያው ሙዝና ውኃ ይሸጡ የነበሩ ሴቶች ማንን ይጠብቁ? በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መሥመር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ መደበኛ አገልግሎቱንም በ2010 ጀመረ። መልካም ነው፤ ፈጣን ነው። ሆኖም አዲሶቹ ጣቢያዎች ብዙዎቹ ከከተማ ውጭ ናቸው። ለገሃር በከተማው እምብርት ሲሆን አዲሱ የፉሪ–ለቡ ጣቢያ ከከተማው ዳር ነው፤ የድሬዳዋውም እንዲሁ ከከተማው ወጣ ብሏል። በድሮው ሐዲድ ዳር የኖረችው ትንሽ መንደር ሁለተኛው ባቡር በሩቁ ሲያልፍ ታያለች።

እንግዲህ የእኛ አቋም ይህ ነው። ባቡር ለምዕራብ ጎጃም አያስፈልግም አንልም። ኧረ ያስፈልጋል! የቡሬ በርበሬና በቆሎ በከባድ መኪና የዓባይን በረሓ ወርዶ ሲወጣ የሚበላውን ነዳጅና ጊዜ ሾፌሮች ያውቁታል። በ2013 ዓ.ም. የቡሬው የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲመረቅ የብዙዎቻችን ሐሳብ ወደዚያ ካርታ ሄዶ ነበር። ነገር ግን ከ«መች ይመጣል?» ይልቅ «የት ይቆማል? ሲቆም ምን ይጭናል? ማን ይሸጥለታል?» የሚለው ጥያቄ ይበልጥብናል። ይኸን ጥያቄ የሚጠይቅ ልጅ ነገ ካርታ ይዘው ለሚመጡ መሐንዲሶች አፉን ከፍቶ አያጨበጭብም፤ «ጣቢያው ከገበያው ምን ያህል ይርቃል?» ይላቸዋል። «በቅርቡ» ተብሎ ያደገ ልጅ ግን ሲጠብቅ ይኖራል፤ ባልመጣ ጊዜም መጀመሪያ የማያምነው መምህሩን ነው። ያቺ ልጅ ያንን መልስ ለአባቷ ነግራ ይሆናል እኮ!

በዚሁ አጋጣሚ የራሳችንን ጉድ እናውጣ። በጂኦግራፊ ክፍላችን በጆንያ ላይ በቀለም የተሣለ ትልቅ የኢትዮጵያ ካርታ ተሰቅሏል፤ ከእኛ በፊት የነበሩ ሠልጣኞች የሠሩት የትምህርት መርጃ ነው፣ እጃቸው ይባረክ። በዚያ ካርታ ላይ የጅቡቲው ሐዲድና ከፍኖተ ሰላም ወደ ወልዲያ የሚሄደው መሥመር በአንድ ዓይነት ጥቁር ቀለም፣ በአንድ ዓይነት ውፍረት ተሥለዋል። ጓደኛችን ትምህርቱን ያዘጋጀው ይህንኑ ካርታ እያየ ነበር። ስለዚህ መምህራኖቻችን ቢፈቅዱልን የፍኖተ ሰላሙን መሥመር በነጭ ቀለም አጥፍተን በነጠብጣብ ልንሥለው አስበናል፤ ግርጌው ላይም «ታቅዶ የነበረ» ብለን እንጽፍበታለን። ብሩሽ አለን፤ ነጭ ቀለም ግን ከመርጃ መሣሪያ ክፍሉ አልቋል ተብለናልና፣ ያለው ሰው ቅዳሜ ከሰዓት በፊት ቢያደርስልን። ጓደኛችንም ወደ ቡሬ የሚሄድ መኪና ሲገኝ ያቺን ልጅ ፈልጎ መልሱን ሊያርምላት ተነሥቷል።