ታንኳና መርከብ በአንድ ታሪፍ አይዳኙ

ለኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በጣናና በንጋት ሐይቆች ላይ በጀልባዎች ስለሚጣል ክፍያ

ክቡር ዋና ዳይሬክተር፣

ይህን የምጽፍልዎት ጀልባ ከማይታይበት ከተማ ነው። ጅጋ በደምበጫና በፍኖተ ሰላም መካከል፣ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ዳር ያለች ከተማ ናት። የእኛ ወንዞች ብርና ላህ በሐምሌ ሲሞሉ ሰውና ከብት ይወስዳሉ እንጂ ጀልባ አያስኬዱም። ስለዚህ «የጅጋን ሰው የጀልባ ቀረጥ ምን አገባው?» ቢሉ አይፈረድብዎትም። እኛ ጀልባ ባናውቅም ኬላ እናውቃለን። በርበሬያችንና በቆሏችን ከፍኖተ ሰላምም ሆነ ከቡሬ ተነሥቶ በሚሄድበት መንገድ ሁሉ ገመድ ዘርግቶ ካርኒ የሚቆርጥ ሰው አጥተን አናውቅም።

ትውውቁ ደግሞ የቆየ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእናርያን ቡና፣ ዝባድ፣ ወርቅና የዝሆን ጥርስ ጭኖ አባይን የሚሻገር ሲራራ ነጋዴ በባሶ ገበያ ተገበያይቶ ወደ ጎንደርና ወደ ምጽዋ ሲያቀና፣ በየገዥው ወሰን ላይ ኬላ ይጠብቀው ነበር። ነጋዴውን ያስመረረው መክፈሉ ብቻ አልነበረም። ስንት እንደሚከፍል የሚያውቀው በሩ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው፤ አንዱን በር አለፍኩ ሲል ሌላው ይመጣል። ዐፄ ቴዎድሮስ በነገሡበት በ1847 ዓ.ም. ቀረጥ በግዛታቸው በሦስት ቦታ ብቻ እንዲሰበሰብ ማዘዛቸውን የእንግሊዙ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ጽፎ አቆይቶልናል። ትእዛዙ ምን ያህል ተፈጸመ የሚለው ሌላ ነገር ነው፤ ንጉሡ ግን መንገደኛው ለአንድ ጉዞ ስንት ጊዜ እጁን ወደ ኪሱ ይሰድዳል ብለው መጠየቃቸው ግልጽ ነው። እኔም ይህንኑ ጥያቄ ይዤ ነው ወደ ሐይቁ የምወርደው።

ጣና ላይ የሚንሳፈፈው አንድ ዓይነት ነገር አይደለም። ታንኳ አለ፤ ከደንገል የሚታሠር፣ የዘጌና የደቅ ሰው፣ የዳር ዳሩም ዓሣ አጥማጅ ማገዶውን፣ እህሉንና ዓሣውን የሚያመላልስበት። የአሠራሩ ባለቤቶች በተለይ የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው። ደንገል ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ታንኳው በየጊዜው ከውሃ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ዕድሜውም ቢበዛ በወራት የሚቆጠር ነው። ሞተር ጀልባ አለ፤ ምእመኑንና ቱሪስቱን ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ወደ ናርጋ ሥላሴ የሚያደርስ። መርከብም አለ፤ ከባሕር ዳር ተነሥቶ በየወደቡ እየቆመ ጎርጎራ የሚዘልቅ። በ2017 ዓ.ም. ጣናነሽ ሁለት ከጅቡቲ ወደብ ድረስ በየብስ ተጎትታ መጥታለች። ጎርጎራ ላይ ሪዞርት ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ለንፋስና ለፎቶ ብቻ የሚነዳ የመዝናኛ ጀልባ መበርከቱ አይቀርም።

መሥሪያ ቤትዎ ከክልሉ ጋር ሆኖ ለእነዚህ ሁሉ ታሪፍ ሲያወጣ ወይም ያለውን ሲያሻሽል፣ ፈታኙ ነገር «ለአንድ ጀልባ ይህን ያህል ብር» ብሎ መገላገል ነው። ለሰብሳቢው የሚቀልለው ይህ ነው። በገበያ መግቢያ ላይ በአህያ ሽንኩርት ይዛ የመጣችን እናትና ከአይሱዙ ያራገፈን ነጋዴ እኩል ሲያስከፍሉ አይቻለሁ። ሴትየዋ ሽንኩርቷን ሳትሸጥ ከየት አምጥታ ትክፈል? ትኬት ቆራጩ ግን ሒሳቡ ቀሎታል።

በዓለም ላይ የትንሽ ጀልባ ክፍያ ካከራከረባቸው ቦታዎች አንዱ የፓናማ ቦይ ነው፤ የእኛ ሰዎች «ፓናማም እኮ እንዲህ ነው» ብለው እንዳይመጡ አስቀድሜ ላንሣው። እ.ኤ.አ. በ1928 ሪቻርድ ሃሊበርተን የተባለ አሜሪካዊ ተጓዥ ቦዩን ዳር እስከ ዳር ዋኝቶ አቋርጧል። የቦዩ ሹማምንት እንደ መርከብ ቆጥረው በክብደቱ ልክ አስከፈሉት፤ 36 ሳንቲም። ሰውዬውን መቀለጃ አደረጉት ሊባል ይችላል፤ ነገር ግን ደንቡ ምን ያህል ቀጥተኛ እንደነበረ ያሳያል፤ በያዝከው ልክ ትከፍላለህ ነው ነገሩ። ዛሬ እዚያው ቦይ ላይ ትንሽ የሸራ ጀልባ በርዝመቷ ተሰልታ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ትጠየቃለች፤ ባለቤቶቹም ሲያማርሩ ዓመታት አልፈዋል።

ፓናማ ግን ምክንያት አላት። እዚያ መርከብ ተራራ የሚወጣው በውሃ በር ነው። በሩ ተዘግቶ ጋቱን ከሚባለው ሐይቅ ውሃ ይለቀቅበታል፤ አንድ መርከብ ከውቅያኖስ ወደ ውቅያኖስ ለማለፍ 200 ሚሊዮን ሊትር ያህል ጨው አልባ ውሃ ወደ ባሕር ይፈስሳል። በሩ የሚከፈተው ለትንሽ ጀልባም ቢሆን ውሃው ያው ነው። ለዚህም ነው ሁለት ሦስት የመዝናኛ ጀልባዎችን ጎን ለጎን አስረው ከትልቅ መርከብ ጋር አንድ ላይ የሚያሳልፏቸው። እ.ኤ.አ. በ2023 ድርቅ ሲመታቸው የሚያልፈውን መርከብ ቁጥር ራሱን ቀንሰዋል። እንግዲህ የፓናማው ሹም ትንሹን ጀልባ «በሩ ላንተም ያው ተከፍቷል» ቢለው ያስኬደዋል።

ጣና ላይ የሚከፈት በር የለም። ታንኳ ለመንግሥት የሚያስወጣው ወጪ ምንድን ነው? መልህቅ መጣያ አይጠቀምም፤ ጭቃ ዳር ይቆማል። መብራት አይፈልግም፤ ቦይ አያስጠርግም፤ ዘይት አያፈስስም። እንዲያውም ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሐይቁን በወረረው የእንቦጭ አረም ከሁሉ ቀድሞ መንገዱ የተዘጋበት እሱ ነው። ከእሱ የሚሰበሰበው ብር በየጭቃው ዳር ለሚቆመው ሰብሳቢ አበል እንኳ መብቃቱን እጠራጠራለሁ፤ ስለዚህ ታንኳ ከክፍያ ነጻ ይሁን።

በጣና ውድ ነገር ካለ ጥልቀት ነው። ሐይቁ ከ3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የተንጣለለ ቢሆንም ጥልቁ ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ በ1988 ዓ.ም. መቆጣጠሪያ ከተሠራ ወዲህ የውሃው ከፍታ በሰው እጅ ሆኗል፤ ለመርከብ ጉዞ ዝቅተኛ ተብሎ የተያዘውም ከባሕር ጠለል በላይ 1784.75 ሜትር ነው። በ1995 ዓ.ም. ዝናብ አጥሮ፣ ውሃውም ለኃይል ማመንጫ ተለቆ ሐይቁ ከዚያ በታች ሲወርድ የመርከቦቹ ሥራ ተስተጓጎለ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ ከሌላ አቅጣጫ መቅዳት ጀመረ። ታንኳ በበኩሉ ጉልበት የማያልፍ ውሃ ይበቃዋል። ጥልቀቱ እንዲጠበቅ፣ ወደቡ እንዲጠረግ፣ መቆሚያው እንዲሠራ የሚፈልገው መርከቡና ትልቁ ጀልባ ነው፤ የዚህን ዋጋ የሚሸከመውም እሱ መሆን አለበት። የኤሌክትሪክ ኃይልም ድርሻውን ያዋጣ ብዬ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ግቢ አልገባም፤ እርስዎ ግን ጎረቤት ስለሆኑ ቢያነሡባቸው ደስ ይለኛል።

አንዳንዱ የአዲስ አበባ–አዳማን ፈጣን መንገድ በምሳሌነት ያነሣል። በ2007 ዓ.ም. ከተከፈተ ጀምሮ በተሽከርካሪ ዓይነትና በተጓዘበት ርቀት ያስከፍላል፤ ዋጋውም አስቀድሞ ይታወቃል። ይህን ክፍሉን እኔም እወድለታለሁ፤ ከባሕር ዳር ዘጌ ደርሶ የሚመለስና ጎርጎራ የሚዘልቅ እኩል መክፈል የለባቸውም። ልዩነቱ ግን መረሳት የለበትም። ፈጣን መንገዱን መክፈል ያልፈለገ በዱከምና በቢሾፍቱ በኩል በድሮው መንገድ አዳማ ይገባል። የደቅ ደሴት ነዋሪ የድሮ መንገድ የለውም። ወላድ ስትታመምበትም፣ ልጁ ለፈተና ሲሄድበትም ያለው ውሃው ብቻ ነው። አማራጭ በሌለው መንገድ ላይ የሚጣል ቀረጥ ስሙ የአገልግሎት ክፍያ ቢሆንም በተግባር የመኖሪያ ግብር ነው።

ሞተር ጀልባው ላይ ግን ነገሩ ይከብዳል፤ ብዙ አውጥቼ አውርጄበታለሁ። በመጀመሪያ ያሰብኩት በተሳፋሪ ቁጥር ቢከፍል የሚል ነበር። ፍትሐዊ ይመስላል፤ ባዶ የሄደ ባዶ ይከፍላል። ነገር ግን በሰው ልክ የሚከፍል ባለጀልባ ሰው መደበቅ ይጀምራል። ሃያ ጭኖ አሥራ ሁለት ያስመዘግባል። ማዕበል ተነሥቶ ጀልባው ቢገለበጥ በውሃው ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ የሚያውቅ አይኖርም። የተሳፋሪ መዝገብ የሕይወት መዝገብ ነው፤ ከገንዘብ ጋር ባይነካካ ይሻላል። ስለዚህ ክፍያው ጀልባው እንዲጭን በተፈቀደለት የወንበር ብዛት፣ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ፈቃዱ ሲታደስ ቢሆን እመርጣለሁ። ሁለት ነገር ግን ይታከልበት። አንደኛ፣ በኮቪድ፣ ከዚያም በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልሉ በተነሣው ግጭት ቱሪስት ሲጠፋ የባሕር ዳር ጀልባዎች ታስረው ውለዋል፤ ሥራ ለጠፋበት ዘመን ክፍያው የሚቀንስበት ወይም የሚራዘምበት አንቀጽ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ለሁሉም ተሳፋሪ የሚበቃ የሕይወት አድን ጃኬት ይዞ የተገኘ ቅናሽ ያግኝ። ከፍሎ ጃኬት ከማይገዛ፣ ጃኬት ገዝቶ ያነሰ ቢከፍል ለአገር ይጠቅማል።

የመዝናኛ ጀልባው ጉዳይ ቀላል ነው። በፈረንሳይ ቦዮች ላይ የሚዝናና ሰው በጀልባው ርዝመትና በሚቆይበት ጊዜ ተሰልቶ ይከፍላል። እዚህም እንዲሁ በርዝመት ይሰላ፤ ከፍ ብሎም ይሰላ። ፈጣን ሞተር የሚያነሣው ማዕበል ታንኳ ይገለብጣልና ለፍጥነቱም ጭምር ይጨመርበት። ለጨዋታ ውሃ የሚሰነጥቅ ሰው ለእንጀራው የሚቀዝፈውን ቢደጉም አይጎዳም።

ወደ ቴዎድሮስ ሦስት በሮች ልመልስዎት። በጣና ዳር የፌዴራሉ፣ የክልሉ፣ የከተማው፣ የወረዳውም እጅ አለ። የገዳማቱ መግቢያ ክፍያ የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ስለሆነ አልነካውም፤ የቀረው ግን አንድ ይሁን። በባሕር ዳር የከፈለ ጀልባ በቁንዝላ፣ በደልጊና በጎርጎራ ደረሰኙን አሳይቶ ይለፍ እንጂ እንደገና ካርኒ አይቆረጥበት። የእያንዳንዱ ዓመት ገቢ ስንት እንደሆነና የትኛው ወደብ በእሱ እንደታደሰ በሐይቁ ዳር ይለጠፍ። ሰው ብሩ መቆሚያ ሆኖ ሲያየው አያጉረመርምም።

የንጋት ሐይቅ ነገር ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። ሐይቁን የፈጠረው የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ሐይቁ 246 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ተዘርግቶ ከ1,800 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሸፍናል። ዓሣ አጥማጁ ገብቶበታል፤ ጭነትና እንግዳ ይከተላል። ጣና ላይ የቆየ ልማድ ስላለ አዲስ ደንብ ከልማዱ ጋር ይጋጫል። ንጋት ላይ ግን የሚቃወም ልማድ ገና አልበቀለም። እዚያ ዛሬ የሚጻፍ ትክክለኛ ታሪፍ ነገ ለጣናም ምሳሌ ይሆናል፤ ካልተጻፈ ደግሞ ቀድሞ የደረሰው ገመድ ዘርግቶ ይጠብቃል። ይህን የምለው ገመዱን በየብስ ስለማውቀው ነው።

ታንኳ ነጻ ይሁን ስል አይመዝገብ ማለቴ አይደለም። ያለ ክፍያ ቁጥር ይሰጠው፤ የጠፋ ሰው ሲፈለግ ይረዳል። ነጻነቱ ግን በቃል ሳይሆን በመመሪያው ውስጥ በአንቀጽ ይቀመጥ፤ በቃል የተሰጠ ምሕረት ሹም ሲቀየር ይሻራል።

ስለዚህ ክቡር ዋና ዳይሬክተር፣ የምለምንዎት የሚከተለውን ነው። የታሪፉ ረቂቅ ከመጽደቁ በፊት በባሕር ዳር፣ በዘጌ፣ በደቅ፣ በቁንዝላ፣ በደልጊና በጎርጎራ መቆሚያዎች ይለጠፍ፤ ማንበብ ለማይችለውም በገበያ ቀን ይነበብለት። ቀዛፊዎቹ፣ የነገደ ወይጦ ሽማግሌዎችና የሞተር ጀልባ ባለቤቶች አስተያየት የሚሰጡበት ጊዜ ይኑራቸው፤ የሰጡት ሐሳብም ተቀባይነት ካጣ ምክንያቱ ይነገራቸው። በንጋት ሐይቅ ላይም ይኸው ሳይደረግ አንድም ካርኒ አይቆረጥ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጅጋ ነዋሪ
ምዕራብ ጎጃም