ስም መጥራትና ወንድምን መፈለግ



ስለ ክርስቲያናዊ ኅብረትና ስለ ቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ብዙ ስብከት ሰምተናል። «ተዋደዱ፣ አንድ ሁኑ፣ አገልግሉ» የሚለውን ምክር ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያልሰማ ክርስቲያን ተማሪ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። እኔም ይህን ጽሑፍ የማቀርበው ከሰባኪዎች የበለጠ ዐውቃለሁ ብዬ አይደለም፤ በራሴ ጥፋት የተማርሁት ነገር ለሌላው ትምህርት ይሆነዋል ብዬ ነው እንጂ። አሳቤም ባጭሩ ይህ ነው፤ የአንድ ኅብረት እውነተኛነት የሚታወቀው በመጡት ሰዎች ብዛት ሳይሆን፣ የቀረውን ሰው ፈልጎ በመጠየቅ ነው።

አምና በአጥቢያችን ሰንበት ትምህርት ቤት የስም መዝገብ ያዥ እኔ ነበርሁ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስም እጠራለሁ፤ በመጣው ስም ፊት ነጥብ፣ በቀረው ስም ፊት ቀይ ምልክት አደርጋለሁ። በደንባችን መሠረት ያለ ምክንያት ስድስት ሳምንት በተከታታይ የቀረ አባል ስሙ ይሰረዛል። መዝገቤ ስርዝ ድልዝ የሌለበት ንጹሕ ስለ ነበረ ብዙ ጊዜ ተመስግኜበታለሁ።

በዚህ መካከል በመዝሙር ክፍል አብሮን የሚያገለግል፣ በትምህርት ቤትም ከእኛው ክፍል የነበረ አንድ ልጅ መቅረት ጀመረ። ስሙን ስጠራ ዝም ይባላል፤ እኔም ቀይ ምልክቴን አድርጌ ወደሚቀጥለው ስም አልፋለሁ። ከጉባኤው በኋላ ግን ስለ እርሱ ወሬ አይጠፋም ነበር። አንዱ «ዓለም ወስዶታል» ይላል፤ ሌላው «ከመጥፎ ጓደኛ ጋር ገጥሟል» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ «እኔስ ጠባዩን ድሮም አልወደድሁለትም» ይላል። እኔም ከሚያወሩት አንዱ ነበርሁ። ስድስተኛው እሑድ ሲያልፍ በስሙ ላይ መስመር አሰመርሁበት። ትክክለኛ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ስለ ነበረ ምንም አልከበደኝም።

በሚቀጥለው እሑድ የብዙዎቻችን ንስሐ አባት የሆኑት ካህን መዝገቡን ለማየት መጡ። የተሰረዘውን ስም በጣታቸው አመልክተው «ይህስ ልጅ ወዴት ሄደ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ቀርቷል፣ አባ፤ በደንቡ መሠረት ተሰርዟል» አልኋቸው።

«ቤቱ ማን ሄዶ ነበር?»

ሁላችንም ዝም አልን። እርሳቸውም አልተቈጡም። «ልጆቼ፣ እረኛ ማታ ማታ በጎቹን የሚቈጥረው የጐደለውን ሊሰርዝ ነው ወይስ ሊፈልግ?» ብለው መዝገቡን መለሱልኝ።

በዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ሦስት ሆነን ወደ ልጁ ቤት ሄድን። ቤቱን ስለማናውቀው ጠይቀን ነው ያገኘነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ያለው ርቀት የሩብ ሰዓት መንገድ እንኳ አይሆንም። እናቱ ታመው ከአልጋ ከዋሉ ሁለት ወር ሊሆናቸው ነበር። ጓደኛችን ጧት ጧት ገበያ ወርዶ ሸክም ይሸከማል፤ ተመልሶም ውሃ ይቀዳል፣ ምግብ ያበስላል፣ ሁለት ታናናሾቹን ያበላል። ትምህርቱን ትቷል። ጎረቤቶቻቸው፣ ከእነርሱም መካከል አንዲት እስላም እናት፣ እንጀራና ወጥ እያመጡ ሲረዷቸው ሰንብተዋል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው እውነት መሆኑን ያን ጊዜ አየሁ፤ እኛ ግን በመዝሙር ወንድሞቹ ነን እያልን ከሩቅ ዘመድም የባስን ሆነን ተገኘን።

እናቱ ቀና ብለው «የመዝሙር ጓደኞቹ እናንተ ናችሁ እንዴ፣ ልጆቼ? እሑድ በመጣ ቍጥር ይመጣሉ እያለ በር በሩን ሲያይ ነበር» አሉን። ልጁ ግን የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ስሜን ሰረዝኸው?» አለኝ። የምመልስለት አላገኘሁም።

ከዚያ ቀን ወዲህ መጽሐፍ ቅዱስን ሳነብ ቀድሞ ያላስተዋልሁትን አስተዋልሁ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደምናነበው፣ በመጀመሪያዪቱ ቤተ ክርስቲያን ከግሪክ አገር ቋንቋ ተናጋሪዎች ወገን የሆኑ መበለቶች በየዕለቱ በሚታደለው ምግብ ተዘንግተው ነበር። ወገኖቻቸውም አጕረመረሙ። ሐዋርያት ይህን ማጕረምረም እንደ ድፍረት አልቈጠሩትም፤ ሕዝቡን ሰብስበው ሰባት ሰዎች አስመረጡ እንጂ። ሊቀ ዲያቆናትና ቀዳሜ ሰማዕት ብለን የምናከብረው እስጢፋኖስ ከእነዚህ ሰባት አንዱ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ይህ ታላቅ አገልግሎት የተጀመረው ከማዕድ የተረሱ ሰዎች ስለ ነበሩና አቤቱታቸው ስለ ተሰማ ነው። ስለዚህ አቤቱታ የማይሰማበት ጉባኤ መዝሙሩ ምንም ቢያምር አገልግሎቱ ጐደሎ ነው እላለሁ።

አባቶቻችንም ይህን ያውቁ ነበር። ማኅበር የሚለው ቃል ራሱ ኅብረት ከሚለው ጋር ሥሩ አንድ ነው። ማኅበርተኞች በሚዘክሩት ቅዱስ ቀን በወር አንድ ጊዜ ተራ በተራ በየቤታቸው ይሰበሰባሉ። እኔ ይህ የሽማግሎችና የባልቴቶች የመብልና የመጠጥ ጉዳይ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ጥበቡ ገባኝ። ተራው ከቤት ወደ ቤት ስለሚዞር የአንዱን ቤት ሌላው ያያል፤ ማን እንደ ታመመ፣ ማን እንደ ቸገረው፣ የማን ጣራ እንደሚያፈስ ሳይነገር ይታወቃል። እኛ ወጣቶች ግን የምንገናኘው በአዳራሽ ብቻ ነው። በአዳራሽ ሁሉም ንጹሕ ልብስ ለብሶ፣ ነጠላውን አጣፍቶ ስለሚመጣ ችግሩ አይታይም። የጓደኛችንን ድምፅ ከዘማሪዎች መካከል ለይተን እናውቅ ነበር፤ በሩን ግን አናውቀውም ነበር።

ስለ ወሬያችንም የተማርሁት አለ። ዲትሪሽ ቦንሆፈር የሚባል የጀርመን ሉተራዊ ቄስ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1935 ዓ.ም. ጀምሮ በፊንከንቫልደ ለቄስነት የሚዘጋጁ ወጣቶችን በአንድ ቤት ሰብስቦ ያስተምር ነበር። በ1937 ዓ.ም. የሂትለር ምስጢራዊ ፖሊስ ቤቱን ዘጋው፤ ቦንሆፈርም በ1945 ዓ.ም. ተሰቅሎ ተገደለ። ስለዚያ የአብሮነት ኑሮ የጻፈው መጽሐፍ በ1939 ዓ.ም. ታትሟል። ደቀ መዛሙርቱ በዚያ ቤት ሳሉ የሚጠብቁት አንድ ሕግ ነበራቸው፤ ይኸውም ስለ አንድ ወንድም እርሱ በሌለበት እንዳይናገሩ፣ ተናግሮ የተገኘም ሄዶ ለዚያው ወንድም እንዲነግረው ነው። ቀላል ሕግ ይመስላል፤ ግን እስቲ አንድ ሳምንት እንሞክረው! እኛ ይህ ሕግ ቢኖረን ኖሮ፣ ሰባት እሑድ ያወራነውን ለመናገር ስንል እንኳ ወደ ጓደኛችን ቤት መሄዳችን አይቀርም ነበር።

አንዳንድ ጓደኞቼ ይህን አሳቤን ስነግራቸው «ደንብ ከሌለ ሥርዓት ይፈርሳል፤ ደግሞስ እኛ ተማሪዎች ምን አቅም አለን? ቤት ለቤት መዞር የካህናት ሥራ ነው» ይሉኛል። ስለ ደንብ የሚሉት እውነት አለበት። መዝገብ ይቅር አልልም፤ ስም ባይጠራ ኖሮ ማን እንደ ቀረም አይታወቅም። ጥፋቱ መዝገቡን የመጨረሻ ፍርድ ማድረጋችን ነው። ስለ አቅም የሚሉትን ግን አልቀበልም። ካህኑ የሚጠብቁት ሕዝብ ብዙ ነው፤ የአንድ ልጅ መቅረት ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው አጠገቡ ለሚቀመጠው ነው። ለጓደኛችንም ኋላ የተደረገለት እርዳታ ከባድ አልነበረም። ንስሐ አባታችን ለሰንበቴው ማኅበርተኞች ነገሯቸው፤ እነርሱም እህል አዋጡ። እኛም በተራ ውሃ ቀዳን፣ የቀረበትንም ትምህርት ከደብተራችን ገለበጥንለት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንደሚባለው ሆነ።

ነገር ግን ዘግይተን ነበር። የዓመቱ ትምህርት አምልጦት ስለ ነበረ ጓደኛችን ዘንድሮ ያንኑ ክፍል እንደገና ይማራል። እናቱ ተሽሏቸዋል፤ እርሱም ወደ መዝሙር ክፍል ተመልሷል። ይህን እንድጽፍ ስሙን ሳልጠራ ፈቅዶልኛል። ይቅርታ ቢያደርግልንም ያቺን አንድ ዓመት ልንመልስለት አንችልም።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ አንድ ጓደኛ ሁለት ጊዜ ከቀረ፣ በሰንበት ትምህርት ቤትም ሆነ በክፍል፣ ሁለት ሰዎች ቤቱ ድረስ ሄደው ይጠይቁት። ሁለተኛ፣ ሄደው ያዩትን ችግር መርዳት ለሚችል አባት ወይም መምህር ብቻ ይንገሩ እንጂ ለወሬ አይዘርዝሩት፤ የተቸገረ ሰው ክብሩ እንዳይነካ መጠንቀቅም አገልግሎት ነውና። ሦስተኛ፣ ወላጆች ሆይ፣ ቤታችሁ ችግር ሲገባ ልጆቻችሁ አፍረው እንዳይሸሸጉ አበረታቷቸው፤ እኛም የምናሳፍር ጓደኞች እንዳንሆን እንጥራለን። ይህ ምክር ለክርስቲያን ብቻ የሚሆን አይደለም። በዚያ ቤት ከእኛ ቀድማ የተገኘችው እስላም እናት ይህን አስተምራናለች።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ነገ ጧት በክፍላችን ስም ሲጠራ አንዱ ስም ያለ መልስ ቢያልፍ፣ የባለ ስሙን ቤት የሚያውቅ ማን እንደ ሆነ እርስ በርሳችን እንጠያየቅ። የሚያውቀው ሰው ከጠፋም ኅብረታችን ገና አልተጀመረምና፣ በዚያው ቀን እንጀምረው።

ከ11ኛ ክፍል ተማሪ