ችካሉ ከመተከሉ በፊት

ኅዳር 2 ቀን 2008 ዓ.ም. የምዕራብ ሸዋዋ የጊንጪ ከተማ ተማሪዎች አደባባይ የወጡት ለአንድ የኳስ ሜዳና ለአንድ ደን ብለው ነው። ሜዳው ለባለሀብት ሊሰጥ ነው፣ የጭልሞ ደንም ሊመነጠር ነው የሚል ወሬ ከተማዋን ሞልቶት ነበር። ተቃውሞው ከዚያ ተነስቶ ኦሮሚያን አዳረሰ። ሂውማን ራይትስ ዎች በሰኔ 2008 ባወጣው ሪፖርት የተገደሉት ከ400 በላይ እንደሆኑ ገለጸ።

ያ ዘመን ሲነሳ ሁላችንም የምንጠራው «ማስተር ፕላኑን» ነው፤ የአዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያለውን የኦሮሚያ ልዩ ዞን የተቀናጀ የልማት ዕቅድ ማለቴ ነው። አምቦም ጊንጪም ግን በዕቅዱ ወሰን ውስጥ አልነበሩም። እንዲያም ሆኖ አምቦ በሚያዝያ 2006 ልጆቿን ቀብራለች። ከቡራዩ እስከ አምቦ ያለው ሕዝብ በአንድ መንገድ ዳር የሚኖር ነው፤ በዕቅዱ ወሰን ውስጥ የነበረው የሆለታ ገበሬ እርሻ ምን እንደሆነ የጊንጪ ሰው በአውቶቡስ መስኮት ሲያይ ኖሯል። ዕቅዱ በጥር 2008 ተሰረዘ። የተሰረዘው ግን ወረቀቱ ነው፤ ዕቅድ ከሕዝብ ተሰውሮ የሚሠራበት ልማድ አብሮት አልተሰረዘም።

ቤት አይሠራ የሚል የለም። አምቦ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት፤ ወጣቱ ጎጆ የሚወጣበት ቦታ ይፈልጋል። የምከራከረው ነዋሪው ስለ ሰፈሩ ዕጣ መጀመሪያ የሚሰማው ከማን ነው በሚለው ላይ ነው። ከቀያሹ ችካል የሚሰማ ከሆነ ነገሩ አልቋል ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው የካሳ ክርክር ብቻ ነው።

ሕግ አልጎደለንም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚነኩ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳብ እንዲጠየቁ መብት ይሰጣል፤ አንቀጽ 92 ይህንኑ ለአካባቢ ጉዳይ ይደግመዋል። የከተማ ፕላን አዋጅ 574/2000 የሕዝብን ተሳትፎ ከፕላን መርሆዎች አንዱ አድርጎታል። ከተቃውሞው በኋላ የወጣው የመሬት ማስለቀቅና የካሳ አዋጅ 1161/2011 ደግሞ የሚነሳው ባለይዞታ መሬቱን ከማስረከቡ ቢያንስ አንድ ዓመት አስቀድሞ በፕሮጀክቱ ላይ እንዲወያይ አዘዘ። ሕጉ ይህን ይበል እንጂ በብዙ ቦታ ውይይት የሚባለው አዳራሽ ውስጥ የሚሰጥ ገለጻ ነው። ካርታው ያለቀለት ነው፤ የቀረው ቃለ ጉባኤ ላይ መፈረም ነው። የተቃወመው ሰው ምን እንዳለ፣ ምን መልስ እንደተሰጠው ቃለ ጉባኤው አይናገርም።

ራንዳል አረንት የሚባል አሜሪካዊ የፕላን ባለሙያ ለገጠር ከተሞች ያስተማረው አንድ አሠራር አለ። አዲስ ሰፈር ሲነደፍ በወረቀቱ ላይ መጀመሪያ የሚሰፍረው የማይነካው ነው፤ ምንጩ፣ ረግረጉ፣ ያረጀው ዛፍ፣ የወንዙ ዳር። ቀጥሎ ቤቶቹ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ፤ ከዚያ መንገዱ ይሳላል። የቦታ ወሰን የሚሰመረው በመጨረሻ ነው። ንድፉ ለከተማው የፕላን ቦርድ ይቀርባል፤ ጎረቤቱም ከመጽደቁ በፊት በግልጽ ስብሰባ ይናገራል። እኛ ዘንድ ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ነው፤ ቦታው አስቀድሞ ይሸነሸናል፣ ቤት የማይወጣበት የገደል አፋፍ ከተረፈ «አረንጓዴ ቦታ» ተብሎ ካርታው ላይ ይቀለማል።

በዚህ ረገድ ምዕራብ ሸዋ ከሩቅ መማር ብቻ አይደለም ያለባት፤ የራሷ ትምህርት ቤት አላት። ጭልሞ በኢትዮጵያ አሳታፊ የደን አስተዳደር ቀድሞ ከተሞከረባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ጥዱን፣ ዝግባውንና ወይራውን በዙሪያው ያሉ ገበሬዎች በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው፣ መተዳደሪያ ደንብ አውጥተው ይጠብቁታል፤ በምላሹ ከደኑ የመጠቀም መብት አላቸው። የአዋሽ መነሻ እዚሁ በደንዲ ወረዳ ነውና ጥበቃቸው ታች እስከ አፋር ይደርሳል። የትኛው ምንጭ በበጋ እንደሚደርቅ፣ የትኛው ተዳፋት በክረምት እንደሚናድ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ለጊንጪ ዳርቻ የአካባቢ ልማት ፕላን ሲዘጋጅ እነዚህ ሰዎች ከቀያሹ ጋር መሬቱን አብረው ሊረግጡት ይገባል። አዳራሽ መጥራት አይበቃም።

ረቂቁ በአፋን ኦሮሞ ተጽፎ ሊሸነሸን በታሰበው መሬት ላይ ራሱ ይለጠፍ፤ የማዘጋጃ ቤት ሰሌዳ ለእረኛው ሩቅ ነው። ተቃውሞ ያቀረበ ሰው በጽሑፍ መልስ ያግኝ። የኳስ ሜዳ፣ የከብት ማጠጫና የኦዳ ጥላ በካርታው ላይ በስማቸው ይስፈሩ፤ ስም የሌለው ቦታ «ባዶ መሬት» ተብሎ ለመሰጠት ቀላል ነውና።

ከአምቦ ወደ ወንጪ የሚወጣው መንገድ ለዚህ ጥሩ መጀመሪያ ነው። የወንጪ ሐይቅ በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ከለማ ወዲህ በዳገቱ ላይ ቦታ የሚፈልገው መብዛቱ አይቀርም። በዚያ ተዳፋት ላይ የእንሰት ጓሮዎች፣ ምንጮችና የግጦሽ ሜዳዎች አሉ። የአምቦ ማዘጋጃ ቤትና የዞኑ አስተዳደር የማይነካውን ከገበሬው ጋር ዞረው ካርታ ላይ ማስፈር ያለባቸው ዘንድሮ ነው፤ የመጀመሪያው የሊዝ ጨረታ ከወጣ በኋላ ግን የሚደራደሩት ከውል ጋር ነው።